ጫጩቶቹ ይበላሉ፣ ግን አያድጉም፤ ችግሩ ከየት ነው?

ቢሾፍቱ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሐይቅ፣ ሪዞርትና እሬቻ ነው አይደል? ከተማዋ ግን የዶሮም ከተማ ናት። ኤልፎራ፣ ዓለማና ጀነሲስን የመሳሰሉ ትላልቅ እርባታዎች እዚህ አሉ። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የዶሮ ዝርያ የሚያሻሽለው እዚህ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅም፣ የሀገሪቱ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋምም እዚሁ ከተማ ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ፣ አዳማ፣ መቂና ባቱ ድረስ ትንሽ ግቢ ያለው ወጣት ሥራ ልጀምር ሲል ቶሎ የሚታየው ዶሮ ነው። ከእቁብ ወይም ከዘመድ ብር ይገኛል፣ 100 ጫጩት ይገባል፣ አምፖል ይሰቀላል። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይላል። ሦስተኛው፣ አራተኛው ሳምንት ላይ ግን ጥያቄ ይመጣል፦ «እነዚህ ጫጩቶች ለምን አያድጉም?»

አልሞቱም። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይጮሃሉ። ግን ክንፋቸው ከሰውነታቸው ይበልጣል፣ ደረታቸው ሲዳሰስ አጥንት ብቻ ነው። የሞተ ጫጩት ኪሳራው ወዲያው ይታያል። የቀጨጨ ጫጩት ግን በየቀኑ መኖ እየበላ፣ ቀስ እያለ ነው ኪስ የሚያራግፈው። ከዶሮ እርባታ ወጪ ከግማሽ በላዩን የሚወስደው መኖ ነውና ነገሩ ቀላል አይደለም።

እኛም ዛሬ ይህንን ጉዳይ ከሥሩ እንየው ብለናል። መድኃኒት ቤት ከመሮጣችሁ በፊት አንብቡት።

🔹 መጀመሪያ፦ በእርግጥ ቀጭጨዋል ወይ?

ብዙ ጊዜ ችግሩ ንጽጽሩ ላይ ነው። ጎረቤት ያሉት የሥጋ ዶሮዎች በ5 ሳምንት 2 ኪሎ ሲሞሉ ያየ ሰው የራሱን እንቁላል ጣይ ቄብ አይቶ ይደነግጣል። ሁለቱ ግን አይወዳደሩም። የሥጋ ዶሮ ለክብደት ተመርጦ የተራባ ነው። እንደ ቦቫንስ ብራውን ያለ እንቁላል ጣይ ደግሞ በዚያው ዕድሜ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ጤነኛ ሆኖ ማለት ነው።

በመካከል ሳሶና ኮይኮይክ አሉ። ሁለቱም ለሥጋም ለእንቁላልም ይሆናሉ። የሀበሻ ዶሮ ደግሞ ከሁሉም ቀርፋፋ ነው። ሆሮ የሚባለውን ሀገርኛ ዝርያ የደብረ ዘይት ማዕከል ለብዙ ትውልድ እየመረጠ ያሻሻለው እኮ ለዚሁ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዝርያው ምንድን ነው?» ነው። ሻጩ ካልነገራችሁ አትግዙ።

ቡናማ እንቁላል ጣይ ለገዛ ሰው በግምት እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦

▪️ ሲፈለፈል፦ ወደ 40 ግራም
▪️ 1 ሳምንት፦ ወደ 70 ግራም
▪️ 2 ሳምንት፦ ወደ 125 ግራም
▪️ 4 ሳምንት፦ ወደ 270 ግራም
▪️ 6 ሳምንት፦ ወደ 460 ግራም
▪️ 8 ሳምንት፦ ወደ 670 ግራም

ቁጥሩ ከዝርያ ዝርያ ትንሽ ይለያያል። ትክክለኛውን ሰንጠረዥ ጫጩቱን ካመጣችሁበት ማስፈልፈያ ጠይቁ።

🔹 ሚዛን፦ ከመድኃኒት በፊት የሚገዛ ዕቃ

በዓይን መገመት አይሠራም። በየቀኑ የምታዩት ነገር ማደጉም መቅጨጩም አይታያችሁም። ለኬክ መሥሪያ የሚሸጠው ትንሹ ዲጂታል ሚዛን በቂ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ጠዋት መኖ ሳይቀርብ፣ ከ100 ውስጥ 20 ጫጩት መዝኑ። ሳትመርጡ ያዙ። ትልልቆቹን ብቻ ከያዛችሁ ራሳችሁን ነው የምታታልሉት። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ሁለት ነገር አስሉ። አንደኛ አማካዩን። ሁለተኛ ከአማካዩ በ10% ከፍና ዝቅ ባለው ውስጥ ስንቶቹ እንደሚገኙ።

ምሳሌ እንውሰድ። በ4 ሳምንታቸው 20 ጫጩት መዘናችሁ፤ ድምሩ 4,400 ግራም ሆነ። አማካዩ 220 ግራም ነው፤ ከሚጠበቀው በ50 ግራም ያንሳል። የ10% ክልሉ ከ198 እስከ 242 ግራም ነው።

ከ20ዎቹ 17ቱ እዚህ ክልል ውስጥ ከሆኑ ሁሉም እኩል ነው ወደ ኋላ የቀሩት ማለት ነው። ሁሉንም እኩል የሚነካ ነገር ደግሞ መኖ ወይም ብርድ ነው።

ክልሉ ውስጥ 9ኙ ብቻ ከሆኑ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። አንዳንዶቹ ጥሩ አድገዋል፣ ሌሎቹ ተሸንፈዋል። ይሄ የሚያመለክተው በሽታን፣ መጨናነቅን ወይም የመመገቢያ እጥረትን ነው። አንዳንዴም ሻጩ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ቀላቅሎ ሰጥቷችሁ ሊሆን ይችላል።

አያችሁ? አማካዩ በሁለቱም ቤት 220 ግራም ነው፤ መፍትሔው ግን የተለያየ ነው። ሚዛን ያልያዘ ሰው ሁለቱንም «ታመዋል» ብሎ አንድ ዓይነት ዱቄት መድኃኒት ውሃ ላይ ይበጠብጣል።

🔹 ሁሉም እኩል ከቀጨጩ፦ ብርዱን ጠይቁ

ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም። እናቱ ብትኖር ክንፏ ሥር ነበር። እናንተ ናችሁ አሁን እናቱ። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቱ ያለበት ቦታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ እየቀነሳችሁ ላባ እስኪያወጣ ትቀጥላላችሁ።

ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀን ፀሐይ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግን ጋቢ ያስፈልጋል። ሲበርደው ጫጩቱ የበላውን መኖ ለማደግ ሳይሆን ለመሞቅ ያቃጥለዋል። ከሙቀት መስጫውም ርቆ ወደ መኖና ውሃ መሄድ አይፈልግም። ብሩ የሚነደው በሁለት በኩል ነው ማለት ነው።

ቴርሞሜትር ባይኖራችሁም ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሱና በስልካችሁ ቪዲዮ አንሷቸው።

▪️ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ከሆነ፦ በርዷቸዋል።
▪️ ከሙቀቱ ሸሽተው፣ አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ፦ ሞቋቸዋል።
▪️ ሁሉም በአንድ ጥግ ከታጨቁ፦ ከሌላኛው በኩል ንፋስ ይገባል።
▪️ ተበታትነው ተረጋግተው ከተኙ፦ እናንተም ሂዱና ተኙ።

«መብራት ሲጠፋስ?» ትሉ ይሆናል። ያለ መብራት የሚሠራ መንገድ አለ። ጭድ በዙሪያው የተጠቀጠቀበት የእንጨት ሳጥን ጫጩቶቹ የራሳቸውን ሙቀት ይዘው እንዲያድሩ ያደርጋል። በሀገራችን በገጠር ለብዙ ዓመታት ሲሞከር የቆየ ዘዴ ነው። ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ ግን በጣም ተጠንቀቁ። ከሰሉ የሚያወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ በታፈነ ክፍል ውስጥ ጫጩቱንም ሊያየው የገባውን ሰውም ይገድላል። አየር መውጫ ይኑረው፤ አብራችሁ አትደሩ።

ወደ አዳማ፣ መቂና ባቱ ስትወርዱ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የቀኑ ሙቀት ጫጩቱን መኖ ያስጠላዋል። እዚያ የሚያስፈልገው ጥላ፣ ንፋስና ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ጫጩት የሚጠጣው ውሃ ከሚበላው መኖ ክብደት ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ውሃ ሲያጥረው መኖውንም ይተወዋል።

🔹 ቀጥሎ መኖውን ጠይቁ

የጫጩት መኖ ከ20 እስከ 22% ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል። መኖ ሲወደድ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር አለ፤ አንድ ኩንታል የጫጩት መኖ ይገዛና በአንድ ኩንታል በቆሎ ያበዛዋል። ሒሳቡን እንሥራው። መኖው 22%፣ በቆሎው 8.5% ገደማ ፕሮቲን አለው። እኩል ስትቀላቅሉት 15% አካባቢ ይሆናል። ጫጩቱ ሆዱ ይሞላል፣ ጡንቻና ላባ የሚሠራበት ግን የለውም። ማታ ስታዩት ጠግቧል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ የለም። ፉርሽካ ብቻ ሲሰጠው ደግሞ ይብሳል።

ሌላው ስህተት የእንቁላል ጣይ መኖ ለጫጩት መስጠት ነው። «ዶሮ ዶሮ ነው፣ መኖ መኖ ነው» ይባላል። አይደለም! የእንቁላል ጣይ መኖ ለቅርፊት ተብሎ ብዙ ካልሲየም ይጨመርበታል፤ ከ3.5 እስከ 4%። ያ ለጫጩት ከሚያስፈልገው ብዙ እጥፍ ነው፤ ኩላሊቱን ይጎዳል።

ሦስተኛው ሻጋታ ነው። በቆሎ፣ የኑግ ፋጉሎና ለውዝ እርጥበት ሲነካቸው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ያበቅላሉ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ባሉ የወተት ላሞች መኖ ላይ የተደረገ ጥናት መርዙን በብዛት ያገኘው ኑግ ፋጉሎ በገባበት መኖ ላይ ነበር። ያው ፋጉሎ የዶሮ መኖም ውስጥ ይገባል። መርዙ ጫጩትን በአንድ ቀን አይገድለውም። ጉበቱን ይጎዳል፣ እድገቱን ይገታል፣ የተከተበውን ክትባት እንኳ ያዳክምበታል። መቀቀልም ሆነ ፀሐይ ላይ ማስጣት የተፈጠረውን መርዝ አያጠፋውም። ስለዚህ የተጋገረ፣ የሚሸት ወይም አረንጓዴ ያለበት መኖ አትግዙ። ማዳበሪያውን መሬት ላይ ሳይሆን እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ አርቃችሁ አስቀምጡ።

🔹 ግማሹ አድጎ ግማሹ ከቀጨጨ፦ ቦታውንና ኩሱን እዩ

መጀመሪያ ቀላሉን። መመገቢያው ይበቃል? መኖ ስታቀርቡ ሁሉም በአንድ ጊዜ አንገቱን ማስገባት ካልቻለ ጉልበተኛው ይበላል፣ ደካማው ይጠብቃል። ለደካማው የሚተርፈው ዱቄቱ ነው። ይሄ ነገር ለአንድ ሳምንት ከቀጠለ ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። መፍትሔው መመገቢያ መጨመርና ትንንሾቹን ለብቻ መለየት ነው።

ቦታው በቂ ሆኖ ልዩነቱ ካለ ግን ጉዝጓዙን እዩት። ጠዋት ሰጋቱራውን በእጃችሁ ጨብጡት። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ እርጥብ ነው፤ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ኮክሲዲያ ይወደዋል።

ኮክሲዲያ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከታመመ ጫጩት ኩስ ጋር እንቁላል መሰል ነገር ይወጣል። እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ በሽታ ማስያዝ የሚችል ይሆናል። ሌላው ጫጩት ጉዝጓዙን ሲለቅም ይውጠዋል። አንጀቱ ውስጥ ከ4 እስከ 7 ቀን ይራባና በሺዎች ሆኖ እንደገና ይወጣል። በብዛት የሚያጠቃው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ያሉትን ነው።

ብዙዎቻችን «ኮክሲዲያ ማለት ደም የቀላቀለ ኩስ» ብለን ነው የምናውቀው። እሱ አንዱ ዓይነት ብቻ ነው። ሌሎቹ ዓይነቶች ደም የሚባል ነገር ሳያሳዩ የአንጀቱን ግድግዳ ይልጡታል። ጫጩቱ ይበላል፣ ግን የበላው ወደ ደሙ አይገባም። ውጤቱ ቀጭን ኩስ፣ የገረጣ ኩክኔ፣ የወረደ ክንፍና የማይጨምር ክብደት ነው። «ይበላሉ ግን አያድጉም» የሚለው ጥያቄ ትልቁ መልስ ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ይገኛል።

እዚህ ላይ ነው ብር በከንቱ የሚፈሰው። ብዙ ሰው ከመድኃኒት ቤት ኦክሲቴትራሳይክሊን ገዝቶ ይሰጣል። ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚሠራው ባክቴሪያ ላይ ነው፤ ኮክሲዲያ ባክቴሪያ አይደለም። ለኮክሲዲያ የተለመደው አምፕሮሊየም ነው። ውሃ ላይ ተበጥብጦ፣ መለያው ላይ በተጻፈው መጠንና ቀን ልክ ይሰጣል። አምፕሮሊየም የሚሠራው ተሕዋሱን ቫይታሚን ቢ 1 በማሳጣት ስለሆነ በዚያው ሰሞን ቫይታሚን አትደርቡበት። ደረባችሁ ማለት በአንድ እጅ ሰጥታችሁ በሌላው ነጠቃችሁ ማለት ነው። እርጥቡን ጉዝጓዝ ደግሞ አውጡ። በረኪና ይህን ተሕዋስ በቀላሉ አይገድለውም፤ የሚገድለው ድርቀትና ሙቀት ነው።

«ወስፋት ይሆን እንዴ?» የሚልም አለ። ወስፋት አንጀት ውስጥ ለመጎልመስ ከ5 እስከ 8 ሳምንት ይፈጅበታል። ስለዚህ የ3 ሳምንት ጫጩት ከሲታ የሆነው በትልልቅ ወስፋት ነው ማለት አይቻልም። መሬት ላይ ለሚለቀሙ የ2 እና የ3 ወር ቄቦች ግን ትክክለኛ ጥርጣሬ ነው።

🔹 ክትባቱስ?

ጉምቦሮ የሚባለውን በሽታ እወቁት። በሀገራችን መጀመሪያ የተዘገበው በ2002 እ.ኤ.አ. እዚሁ ደብረ ዘይት ውስጥ ነው። ይህ ቫይረስ የሚያጠቃው ጫጩቱ የመከላከል አቅሙን የሚገነባበትን አካል ነው። ከበሽታው የተረፈው ራሱ በኋላ ለሁሉም በሽታ በሩን የከፈተ ይሆናል። ኮክሲዲያው ይጠናበታል፣ የፈንግል ክትባቱ አይይዝለትም፣ ክብደቱ አይጨምርም።

የተለመደው ቅደም ተከተል በሳምንቱ ገደማ የፈንግል ክትባት፣ በ2 ሳምንት ገደማ የጉምቦሮ፣ ከዚያ የሁለቱም ድጋሚ ነው። ትክክለኛውን ቀን ግን ማስፈልፈያው ከሚሰጣችሁ ካርድና ከአካባቢያችሁ የእንስሳት ሐኪም ውሰዱ።

ክትባቱ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን አትርሱ። ከመግዣው እስከ ቤት በበረዶ ይያዝ። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ላይ ከበጠበጣችሁት ይሞታል፤ ውሃ ነው ያጠጣችኋቸው ማለት ነው። ከተበጠበጠ በኋላ በ2 ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ማለቅ አለበት። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለሆነ፣ ጎረቤት ሆናችሁ በአንድ ቀን ተሰባስባችሁ ብትከትቡ ወጪውን ትካፈላላችሁ፣ ሰፈሩም አብሮ ይጠበቃል።

🔹 ሳትገምቱ እወቁ

ቢሾፍቱ አካባቢ ያላችሁ ሌላው ሀገር የሌለው ዕድል አላችሁ። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ሆስፒታል ቅርባችሁ ነው። ጫጩት ሲሞት ጥላችሁ አትቅበሩት፣ ለውሻም አትስጡት። በሁለት ፌስታል አድርጋችሁ፣ በረዶ ቢጤ አስጠግታችሁ (ፍሪዘር ውስጥ ሳታደርቁት) በዚያው ቀን ውሰዱት። ከተቻለ አንድ በሕይወት ያለ የታመመም ጨምሩ። ሐኪም አንጀቱን ከፍቶ ሲያየው በደቂቃዎች የሚያገኘውን ነገር፣ እናንተ በሦስት ዓይነት መድኃኒትና በአንድ ወር ላታገኙት ትችላላችሁ። ስትሄዱም የክብደት ማስታወሻችሁን፣ የመኖውን ማዳበሪያ መለያና የሌሊቱን ቪዲዮ ያዙ።

🔹 የ45 ቀን ቄብ ለምትገዙ

ገበያ ላይ «የ45 ቀን ነው» የሚባለው ቄብ የ60 ቀን ቀጫጫ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ስለሆነ ልጅ ይመስላችኋል። ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የተፈለፈለበት ቀን፣ የክትባት ካርድ፣ ሚዛን። በ45 ቀኑ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ያልደረሰ ቡናማ እንቁላል ጣይ ርካሽ ቢሆንም ውድ ነው። ደረቱን ዳስሱት፣ ከሥሩ ያለውን ላባ ገልጣችሁ ኩስ መለጠፉን እዩ።

🔹 መቼ ነው በቃ የሚባለው?

ይሄን ማንም ደስ ብሎት አይነግራችሁም። ቄብ አብዛኛውን አጥንቷን የምትጨርሰው እስከ 12ኛ ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በ3 ወይም በ4 ሳምንት የተገኘ ችግር ቶሎ ከታረመ የሚካካስ ነው። በ10ኛው ሳምንት ግማሽ ክብደት ይዛ የተገኘች ቄብ ግን ብትድንም ዘግይታ ትጥላለች፣ ትንንሽ እንቁላል ትጥላለች፣ የበላችውን አትመልስም። ከ100 ውስጥ እንዲህ ያሉ 15 ካሉ እነሱን ለይቶ ማስወገድ ለቀሪዎቹ 85 ማሰብ ነው። መድኃኒት የወሰደች ዶሮ ደግሞ መለያው ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ሳያልፍ ለሥጋ አትሸጥም፤ የሚበላው የጎረቤታችሁ ልጅ ነው።

ለማጠቃለል፦ ዝርያውን እወቁ፣ በሳምንት አንዴ መዝኑ። ሁሉም እኩል ከቀጨጩ ብርዱንና መኖውን፣ ልዩነት ካለ ቦታውን፣ ጉዝጓዙንና ክትባቱን እዩ። መድኃኒት የሚገዛው ከዚህ በኋላ፣ ሐኪም ስሙን ሲነግራችሁ ነው።

ዶሮ ለመጀመር ብር እየቆጠበ ያለ ጓደኛ ካላችሁ፣ ጫጩቱን ከማዘዙ በፊት ይህንን ላኩለት። መጀመሪያ ሚዛን ይግዛ።